አንጀት የሚያርስ ማዕድ፦ ከግብር አዳራሽ እስከ ሽሮ ቤት

በየመገናኛ በዓላችን ሰሞን ከውጭ አገርም ከክፍለ ሀገርም የሚመጡ የቀድሞ ተማሪዎች ገና ሻንጣቸውን ሳያራግፉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጥሩ ሽሮ የት ይገኛል?» የሚል። ፕሮፌሰር የሆነውም፣ ሐኪሙም፣ ጡረታ የወጣውም ጥያቄው ያው ነው። ባለኮከብ ሆቴሎች ሞልተው ሳለ ስለ እነሱ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ ሆድ ሞልቶ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን አንጀት የሚያርስ ምግብ። እኛ ምግብን ስናመሰግን ምላስን አንጠራም፤ «አንጀቴን አራሰው» ነው የምንለው። ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው ምግቡ የሚደርሰው ናፍቆትና ብቸኝነት ከሚቀመጡበት ቦታ ነው።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነበርኩ፤ ኋላም ታሪክ አስተምሬ ነው የኖርኩት። ስለዚህ «የት ይገኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስሰጥ «ከየት መጣ?» የሚለውን ማለፍ አይሆንልኝም። ደግሞም ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። በአዲስ አበባ አንጀት የሚያርሰው ምግብ ያለበትን ሰፈር የወሰነው የወጥ ቤቷ እጅ ብቻ አይደለም። ረሃብ፣ ወረራ፣ ጾም፣ አዋጅና የቤት ኪራይ ወስነውታል። ይህን ያወቀ ሰው የሽሮ ቤት አድራሻ ሲጠፋበትም ለምን እንደጠፋ ይገባዋል።

በገንዘብ መብላት ነውር በነበረበት ዘመን

ምግብ ቤት የሚባለው ነገር ለከተማችን አዲስ ነው። ድሮ መንገደኛ የሚያርፈው በእንግድነት ነው፤ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው መመለስ ነውር ነበር። ስንቁን የያዘ ደግሞ በሶውን በጥብጦ፣ ቆሎውን ቆርጥሞ ያድራል። ለተማሪውም ቢሆን የራሱ ሥርዓት ነበረው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ይበላና ወደ ዜማው ይመለሳል። ልመናው የትምህርቱ አካል እንጂ ውርደት አልነበረም። አገሩ ተማሪን የሚያበላው በዚህ መንገድ ነበር። እኛ ኋላ ሽሮ ቤት ውስጥ «እትዬ፣ ብር ሲላክልኝ እከፍላለሁ» እያልን የበላነው ሲታሰብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ትልቁ ማዕድ ግን የቤተ መንግሥቱ ግብር ነበር። በዐፄ ምኒልክ አዳራሽ በአንድ ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይበላ ነበር። አገባቡ በማዕረግ ነው፤ መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ ከእነሱ በታች ያሉት፣ በመጨረሻ ወታደሩና ድሃው። የእንጀራው ዓይነትም የጠጁ ጥራትም እንደየማዕረጉ ይለያያል። አንድ ሰው የት እንደተቀመጠና ምን እንደቀረበለት ያየ ሰው ማንነቱን ያውቃል። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያሰናዱትን ድግስ እንደ ትልቅ ምዕራፍ ያዩታል። ከየአውራጃው የመጣው እህል፣ ቅመም፣ ቅቤና ማር በአንድ ወጥ ቤት ተገናኝቶ ዛሬ «የኢትዮጵያ ምግብ» የምንለው መልክ በአደባባይ የታየው በእንዲህ ያሉ ድግሶች ነው።

ያ ድግስ ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሁሉ ፈጀው፤ የሚታረስበት ጠፋ፤ አንበጣና ድርቅ ተጨመሩበት። ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን እንደሞከሩ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚህ ክፉ ዘመን ዋዜማ ነው። ይቺ ከተማ ገና ከልጅነቷ ጥጋብንም ረሃብንም በአንድ ገበታ አይታለች ማለት ነው። የሽሮን ታሪክ ለመረዳት ይህን አለመርሳት ይጠቅማል።

በ1890ዎቹ መጨረሻ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲያስከፍቱ ችግሩ ምግቡ አልነበረም፤ ሂሳቡ ነበር። ተደጋግሞ የሚነገረው ትውፊት እንዲህ ይላል፦ መኳንንቱ በግብር በነጻ መብላት የለመዱ ናቸውና በገንዘብ መብላትን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው ሲከፍሉ ነው የተቀሩት የደፈሩት። ትውፊቱ በዝርዝሩ እንደ ተራኪው ይለያያል፤ ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው። ማዕድ ከማዕረግ ተላቆ ወደ ኪስ የተሻገረበት ቦታ ያ ሆቴል ነው። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት የእሳት አደጋ ክፉኛ ቢጎዳም ከነስሙ ተርፎ ፒያሳ ላይ ቆሟል። የጾም ምሳውም የታወቀ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ሽሮ የማን ናት?

ሽሮ በግብር አዳራሽ የክብር ቦታ አልነበራትም። የክብር ቦታው የጥሬ ሥጋውና የዶሮ ወጡ ነበር። ሽሮ የቤት ናት፤ የዘወትር ናት። አተሩ ወይም ሽምብራው ታምሶና ተከክቶ፣ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከአዝሙድ ጋር ተፈጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱም ለወራት ይቀመጣል። ይህ መቀመጡ ነው ቁም ነገሩ። ሥጋ የሌለበት ቀን፣ ገበያ ያልተወጣበት ቀን፣ እንግዳ ድንገት የመጣ ቀን ሽሮ አለች። ውኃና እሳት ካለ ወጥ አለ። ዛሬ ወደ ዋሽንግተንም ወደ ቴል አቪቭም ወደ ዱባይም በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የምትታሸገው እሷ የሆነችው ለዚህ ነው።

ጾሙም አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ሐዋርያት፣ ነቢያት ሲደመሩ ለምእመኑ እንኳ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። አንድ ምግብ ቤት በእነዚህ ቀናት ሁሉ በሩን ዘግቶ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የአዲስ አበባ ወጥ ቤት ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ እንቁላል ሰውን ማጥገብ የግድ ተማረ። በያይነቱ የዚህ ልጅ ነው፤ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ሱፍ፣ ስልጆ በአንድ ትሪ። ይህ ሌላም በረከት ነበረው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተማሪ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ በሽሮና በበያይነቱ ላይ ግን እጃቸው በአንድ ትሪ ይገናኛል። በእኛ ዘመን አንድ ማዕድ የከበቡ ጓደኛሞችን ያየ ሰው ሃይማኖታቸውን ከሳህናቸው ለይቶ ማወቅ አይችልም ነበር።

ደግሞ ሠሪዋ አለች። ትንንሾቹን ምግብ ቤቶች የከፈቱት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ከትዳር የወጡ፣ ባል የሞተባቸው፣ ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው። መሬት አልነበራቸውም፤ ካፒታል አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ከእናታቸው የወረሱት ሙያ ነው። ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሽሮ ሠርታ ልጅ ያስተማረች ሴት በየሰፈሩ ነበረች። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተማርነው ስንቶቻችን የእንዲህ ዓይነቷ እናት ልጆች ነን! ግን የትኛውም ቤተ መዛግብት ውስጥ ስማቸው የለም። ግብር ከፋይ መዝገብ ላይ ቢገኙ ነው።

ፓስታ በእንጀራ

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት በከተማዋ የደረሰውን ለእናንተ መተረክ አያስፈልገኝም፤ በየቀኑ በሐውልቱ አጠገብ ስናልፍ ኖረናል። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሞገስ አስገዶምና አብርሃ ደቦጭ ቦምብ የወረወሩት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ማለትም በዛሬው ዋና ግቢያችን። የዚያን ዕለት ግቢውን የሞላው ሕዝብ ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ የተሰበሰበ ድሃ ነበር። ርቦት የመጣ ሰው እዚያው ወደቀ። ግድያው ወደ ከተማው ተዛምቶ ቀናት ፈጀ። በዚያ ግቢ ውስጥ ምሳችንን እየበላን የተማርን ሰዎች ይህን ማሰብ ይገባናል።

ወራሪው ወጥቶ የቀረው ነገር ግን ወጥ ቤታችን ውስጥ ገባ። ብዙ ጣሊያኖች ከነጻነት በኋላም እዚሁ ቀርተው መካኒክ ሆኑ፣ ግንበኛ ሆኑ፣ ምግብ ቤትና ኬክ ቤት ከፈቱ። በፒያሳ የካስቴሊን ስም ያልሰማ የለም። ቋንቋውም ተከተለ፤ ስጎ፣ ስልስ፣ ኮትሌት፣ አሮስቶ፣ ላዛኛ፣ ፎርኖ፣ ማኪያቶ። ፒያሳና መርካቶ ራሳቸው የጣሊያንኛ ስሞች ናቸው፤ ካዛንቺስም እንደዚያው። ሕዝቡ ግን እንዳለ አልተቀበለም። ስጎው ውስጥ በርበሬ ጨመረበት፤ ፓስታውን በሹካ መጠቅለል ትቶ በእንጀራ ጠቀለለው። የውጭ አገር ሰው ሲያይ ይገርመዋል፤ ስታርች በስታርች ትበላላችሁ እንዴ ይላል። ለተማሪ ግን ፓስታ በእንጀራ ማለት በትንሽ ብር እስከ ማታ የሚያቆይ ምሳ ነው። እኔ ከዚህም በላይ አየዋለሁ። ጦርነት ያመጣውን ምግብ ወስዶ፣ በራስ ቅመም ለውሶ፣ በራስ እጅ መጉረስ ዝም ያለ ድል ነው።

ሌሎቹም ባለውለታዎች አይረሱ። የጉራጌ ሰው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከሊስትሮነትና ከሱቅ ተነሥቶ መርካቶን ሲያቀና የመስቀሉን ክትፎ ይዞልን መጣ። በአገሩ የበዓል ምግብ የነበረው በከተማው የማንኛውም ቀን ምግብ ሆነ፤ ጥሬ፣ ለብ ለብ፣ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር፣ በቆጮ። የመናዊው አረብ ደግሞ በየመንደሩ ሱቅ ከፍቶ ይኖር ነበርና ፉልና ፈጢራ በቀይ ባሕር በኩል ከመጡት ሰዎች ጋር ከተማውን ለመዱ። ዛሬ ጠዋት በየሰፈሩ ከሽንኩርት፣ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከእንቁላል ጋር ተደባልቆ የሚቀርበው ፉል አዲስ አበቤ ሆኗል፤ የየትም ነው ብትሉት አያምናችሁም።

ዩኒቨርሲቲውና ሽሮ ቤቱ

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪው ጥቂት ነበር። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠ፤ ስድስት ኪሎም ተማሪ ሰፈር ሆነች። ከሐረር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከወለጋ፣ ከሲዳሞ የመጣ ልጅ ሁሉ ከእናቱ ቤት ርቆ በአንድ ከተማ ተከማቸ። ካፌው ያበላል፤ ሆድ ይሞላል። ግን የእናት ወጥ የሚናፈቅባቸው ቀናት አሉ፤ ፈተና ያለፈ ቀን፣ ደብዳቤ የመጣ ቀን፣ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ የተሰማ ቀን። በእነዚያ ቀናት ነው ተማሪው በሩን አልፎ ወደ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ጓዳዎች የሚገባው።

አራት ኪሎ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ በኪራይ አንብበን፣ በኋላ አንድ ተጋቢኖ ለሦስት አዘን ጭማሪ እንጀራ እየጠየቅን ስንከራከር የዋልንባቸው ቀናት በትምህርት ማስረጃችን ላይ አልተጻፉም። ነገር ግን ክርክርን የተማርነው በከፊል እዚያ ነው። ድስቱ እየተንተከተከ ሲቀርብ ማንም አይናገርም፤ ሁለተኛው እንጀራ ሲመጣ ፖለቲካው ይጀመራል። ከዘመን ዘመን የተለወጠው የክርክሩ ርዕስ ነው እንጂ ሥርዓቱ አይደለም። ታላላቆቻችን ስለ «መሬት ላራሹ» በተከራከሩበት ጠረጴዛ ላይ እኛ ስለ ሌላ ተከራከርን።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጪ መጋራት ሥርዓት ከመጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ዓይነት ተማሪ ተፈጠረ፤ «ነን ካፌ»። የካፌውን ምግብ ትቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ውጭ የሚበላው ነው። ከአንዲት ምግብ ቤት ጋር በወር «ኮንትራት» ይገባል። ባለቤቷ ስሙን በደብተር ትጽፋለች፤ የጾምና የፍስክ ቀኑን ታውቃለች፤ ሁለት ቀን ከቀረ «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጓደኞቹን ትጠይቃለች። መምህራን ሆይ፣ ተማሪ መታመሙን ከእኛ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

የአንድ አዋጅ ጓዳ

አሁን ለብዙዎቻችን ያልታሰበ ወደሚመስለኝ ነገር ልግባ። በከተማው እምብርት፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ፣ ርካሽና ጥሩ ምግብ ለአርባ ዓመት እንዴት ሊኖር ቻለ? በሌላው ዓለም የከተማ መሐል ውድ ነው፤ ትንሽ ነጋዴ ይገፋበታል። መልሱ በከፊል በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ውስጥ ነው። አዋጁ የሚከራዩ ቤቶችን ለመንግሥት አደረገ፤ የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ቀነሰ። ደርግ ይህን ሲያደርግ ስለ ሽሮ አላሰበም። ነገር ግን በቀበሌ ቤት የምትኖር ሴት የፊት ክፍሏን ምግብ ቤት አድርጋ፣ የኋላውን ጓዳ አድርጋ፣ ለዓመታት ባልጨመረ ኪራይ መሥራት ቻለች። የኪራዩ ማነስ በትሪው ላይ ታየ። አዋጁ ቤታቸውን የተነጠቁ ሰዎችን በድሏል፤ ቤቶቹም ሳይታደሱ አርጅተዋል። ሁለቱም እውነት ነው። የታሪክ ሰው ሁለቱንም በአንድ ላይ መያዝ አለበት።

ያው ዘመን ግን ሌላ ፊትም ነበረው። በሰዓት እላፊው ምክንያት የማታ ማዕድ ጠፋ። በቀይ ሽብር ጊዜ ሰው በምግብ ቤት ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ብዙ ወንበሮችም ባዶ ሆኑ፤ ተመልሰው ያልተሞሉ። ከሞት ያመለጡት በሱዳንና በሌላም በኩል ተሰደዱ። ከእነሱ መካከል አሜሪካ የደረሱት ዲግሪያቸውን በኪሳቸው ይዘው ታክሲ ነዱ፤ ምግብ ቤትም ከፈቱ። የዋሽንግተኑ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር በኢትዮጵያ ምግብ የታወቀው እንዲህ ነው። ከዚህ ማኅበር አባላት ውስጥ የስድስት ኪሎን ሽሮ መልሶ የቀመሰው ከውቅያኖስ ማዶ የሆነ ብዙ ነው።

እንግዲህ የት ይበላል?

ለመጣችሁበት ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ ብቀር ትታዘቡኛላችሁ። አንድ በአንድ ልናገር።

ለጾም፣ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ምሳ ሰዓት ሂዱ። ወጡ ተደርድሮ እንደየፍላጎታችሁ የምታነሡበት ነው። ፎቁን፣ የእንጨቱን ወለል፣ አሮጌውን በረንዳ እያያችሁ መብላት በራሱ የታሪክ ትምህርት ነው። በሥጋ ቀን ከሚመጣ ይልቅ ረቡዕ ወይም ዓርብ የመጣ ሰው ይጠቀማል፤ ያኔ ወጥ ቤቱ በሙሉ ልቡ የጾም ነው። ይህ ምክር ለየትኛውም ቤት ይሠራል።

ለሽሮ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስዱት መንገዶች ዳር ያሉትን ትንንሽ ቤቶች ፈትሹ። ሽሮ ሜዳ ስሟ ሽሮ ይሁን እንጂ የታወቀችው በሸማዋ ነው፤ ግን ሸማኔውም ይበላል አይደል? ጥሩ ሽሮ ቤት መለያ አለው። ሽሮውን ራሳቸው ያስፈጩት ናቸው ወይስ ከሱቅ የገዙት? ጠይቁ፤ ያስፈጨች ሴት በኩራት ነው የምትመልሰው። ፈሰስ፣ ተጋቢኖና ቦዘና ለይታ የምትጠይቃችሁ ከሆነ ቁጭ በሉ። ድስቱ ከእሳት ወርዶ ጠረጴዛው ላይም መንተክተኩን ካላቆመ ትክክለኛው ቦታ ናችሁ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ ግን ጥሩው አልቋል።

ለፉል፣ በጠዋት ተነሡ። መርካቶ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ፣ ፒያሳም በበኒን ሰፈር በኩል ከጸሎት የሚመለሰው ሰው የሚገባበትን ቤት ተከትላችሁ ግቡ። ከወረፋው በላይ ማስታወቂያ የለም። ለክትፎ መርካቶን አልፎ መሄድ አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ከአገሩ ሰው ጋር በጉራጊኛ እየተጨዋወተ ከሆነ፣ ቆጮውም ትኩስ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ለፓስታ ግን ወደ ትልልቆቹ የጣሊያን ቤቶች ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ በእንጀራ ብሉ። ያለ ሹካ።

የጠፋው አድራሻ

እነዚህን ምክሮች ስጽፍ እጄ ብዙ ጊዜ ቆሟል። ልጠቅሳቸው ያሰብኳቸው ቤቶች የሉምና። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ ተቀየሩ። ዶሮ ማነቂያ ከነምግብ ቤቶቹ ፈረሰች። በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስ ተከተለች። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱ ያምራል፤ በእግር መሄጃው ላይ ሰው በነጻነት ይራመዳል። ይህን የሚክድ የለም። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በጋራ መጸዳጃ፣ በጭስ ዓይኗን ያጣች ሴት የነበረችበት ቤት እንዳለ ይቆይ የሚል ሰው ካለ እዚያ ያልኖረ ነው። ነገር ግን ቅድም ያልኩትን አስታውሱ። ትሪውን ያረከሰው ኪራዩ ነበር። የቀበሌው ቤት ሲፈርስ ያ ስሌት አብሮ ፈረሰ። ባለቤቷ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ ቤት ብታገኝም ደንበኞቿ አብረዋት አይሄዱም። ደብተሩ፣ ኮንትራቱ፣ «ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ጥያቄ አይዛወርም።

የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰም ታውቃላችሁ። ጭማሪ እንጀራ በነጻ የሚባል ነገር ተረት እየሆነ ነው። የዛሬ ተማሪ ሽሮ በእኛ ዘመን የምግቦች ሁሉ ትንሽ እንደነበረች ሲሰማ ይስቃል፤ ለእሱ ሽሮ የምትታሰብበት ወጪ ሆናለች።

ስለዚህ ለመጽሔቱ አዘጋጆችም ለአንባቢዎችም ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው ለእኛ ለቀድሞዎቹ ነው። በዚህ ዓመት ስንገናኝ እያንዳንዳችን አንድ ገጽ እንጻፍ፦ እንበላበት የነበረው ቤት የት ነበር፣ ባለቤቷ በምን ስም ትጠራ ነበር፣ ከየት አገር ነበር የመጣችው፣ ምን ትሠራ ነበር፣ ዱቤ ትሰጥ ነበር ወይ፣ ቤቱ መቼ ጠፋ። ገጾቹ ተሰብስበው ቢጠረዙ ከየትኛውም መዝገብ ያልተገኘ የከተማ ታሪክ ይሆናሉ። ዱቤውን ሳይከፍል የተመረቀ ካለ ደግሞ፣ ልጆቿን ፈልጎ መክፈል አሁንም አልረፈደም።

ሁለተኛው ለመምህራኑ ነው። የታሪክ ትምህርት ክፍላችን ለዓመታት ተማሪዎቹን ለቢ.ኤ. ማሟያ ጽሑፍ ወደ የትውልድ ከተማቸው እየላከ ስለ ገበያው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ገዢው አስጽፏል። የስንት ከተማ ታሪክ የተረፈው በእነዚያ ጥራዞች ነው። አሁን አንድ ተማሪ ከበሩ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ይላክ። ምድጃዋ ገና ያልጠፋ ሴት ጋ ሄዶ፣ መጀመሪያ ምሳውን በልቶ፣ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ከዚያ «እትዬ፣ ይህን ቤት መቼ ነው የከፈቱት?» ብሎ ይጠይቅ። መልሷ ረጅም ይሆናል፤ ደብተር ይያዝ።